ማክሰኞ የመጣው ባንዲራ

ታንኳዋ ከማዕበሉ ጫፍ ቁልቁል ስትወረወር ዊለም ኤሹን ባርኔጣውን በአንድ እጁ፣ ብር አናት ያለውን የአስተርጓሚነት ዘንጉን በሌላው ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ቀጣዩ ማዕበል ከፊታቸው ተነሥቷል። አሥራ አንዱ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ይጥላሉ፤ ግን አይዘፍኑም። የሆላንዶች ምሽግ ካለባት ከኤልሚና የመጣ ቀዛፊ ሳይዘፍን ሲቀዝፍ ዊለም በአርባ ዓመት ዕድሜው አይቶ አያውቅም። ዛሬ ከመርከቧ ከወረዱ ጀምሮ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ባሕሩ ለራሱ የሚተውበት፣ መረብ የማይጣልበት፣ ታንኳ ከአሸዋ የማይነቃነቅበት ቀን።

ከመካከል፣ በገመድ በታሰረ የሸምበቆ ወንበር ላይ፣ ሆላንዳዊው መቶ አለቃ ኦስተርካምፕ ተቀምጧል። ሰማያዊ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሰይፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን በሁለት ቦት ጫማዎቹ መካከል አጥብቆ ይዟል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው አዲስ ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ ነው። ይኸው ባንዲራ ከአሥር ቀን በፊት በእግረኛ መልእክተኛ ወደ አቦዳን ተልኮ ነበር። በአራተኛው ቀን በጥንቃቄ ታጥፎ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ተመለሰ። መልእክተኛው ይዞት የመጣው ቃል አጭር ነበር፦ ዕቃችሁን እኛ ዘንድ ረስታችሁ ሄዳችኋል።

ዊለም ያንን ቃል ለመቶ አለቃው ሲያስተረጉም "ጊዜ ይሰጠን ይላሉ" ነበር ያለው። አሥራ አራት ዓመት የኖረው እንዲህ ነው። ከሁለቱም ወገን የሚወጣውን ስለታም ቃል ይቀበላል፣ ጠርዙን ያለዝባል፣ ያሳልፋል። በዚህ ሥራው ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ዘንግ ይዟል፤ ብዙ ጠብም አብርጃለሁ ብሎ ያምናል።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝና የሆላንድ መንግሥታት ከባሕር ማዶ ሆነው የጠረፉን ምሽጎች ተለዋውጠው ነበር። ይህ ለአንተ፣ ያ ለእኔ ተባባሉ፤ ለባላገሩ የተነገረው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። አንዳንዱ መንደር እያጉረመረመ አዲሱን ባንዲራ ሰቀለ፤ አንዳንዱ ጠመንጃ አነሣ። አቦዳን ስልሳ ጣሪያ ያላት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ምሽግ የላትም፣ ቅጥር የላትም፤ ያላት ዓለት ብቻ ነው። ከእሷ ነገር ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

አሁን ግን ከኋላቸው የጦር መርከቧ ጎኗን ለየብስ ሰጥታ መልሕቅ ጥላለች፤ የመድፎቿ መስኮቶች ተከፍተዋል። የመቶ አለቃው ዕቅድ ቀላል ነበር። ራሱ ይወርዳል፣ ባንዲራውን ይሰቅላል፣ ሽማግሌዎቹን ወረቀት ላይ ያስፈርማል፣ ለምሳ ይመለሳል። እምቢ ካሉ ነገ ረቡዕ ከቀትር ጀምሮ መንደሩ በመድፍ ይመታል።

ጥቁሩ ገደል ቀረበ። በግማሽ ክብ ዞሮ ጠባብ አሸዋ አቅፏል፤ ወደ አሸዋው የሚያስገባው አንድ ክፍተት ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አያሳልፍም። የአገሩ ሰው ጉሮሮ ይለዋል። ማዕበሉ እዚያ ሲደርስ በሁለቱ ዓለቶች መካከል ተጨናንቆ ይነሣል፣ ነጭ ሆኖ ይፈርሳል፣ ሲመለስም ያገኘውን ሁሉ ወደ ውጭ ይስባል። በሁለቱም ወገን ዓለቶቹ ላይ ሰው ተቀምጧል። ሴቱም ወንዱም የክት ልብሱን ለብሷል። ማንም መሣሪያ አልያዘም። ዝም ብለው ያያሉ።

የቀዛፊዎቹ መሪ ከኋላ ቆሞ ታንኳዋን የሚያዞርበትን ረጅሙን መቅዘፊያ ይዞ ነበር። ከክፍተቱ ፊት ሲደርሱ አቆመና ለዊለም በአገራቸው ቋንቋ ይህን ውሃ እንደማያውቀው፣ የሚያውቀው ሰው ካልመራው እንደማይገባ ነገረው። ዊለም ተነሣ። ሚዛኑን እየጠበቀ ወደ ዓለቶቹ ተጣርቶ ኤጊር አንሳን ፈለገ። በዚያ ጠረፍ የኤጊር አንሳን ስም የማያውቅ የለም። የአቦዳን ዓሣ አጥማጆች አለቃ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእንግሊዞችን ጭነትና ሹማምንት በማዕበል ውስጥ አልፈው ሲያወርዱ አንድም ሰው አልሰመጠባቸውም።

መጀመሪያ የመለሰችለት ግን አንዲት ሴት ነበረች።

"አንተ የነጭ አፍ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ማክሰኞ ነው" አለ ዊለም።

"ጎሽ፤ እናትህ አስተምራሃለች። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ዓለቱ ሁሉ ሳቀ። ሌላዋ ተቀብላ ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ እግሩን አሞት እንደሆነ ጠየቀች፤ አሞት ከሆነ የሚታሽ ቅጠል አለኝ፣ ግን እሱም ቢሆን ለነገ ነው አለች። ቀዛፊዎቹ ፈገግታቸውን ለመደበቅ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ከረጅሙ ዓለት ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ተነሡ። ነጭ ኩታቸው ከግራ ትከሻቸው ላይ ይወርዳል፤ ሳቁም እሳቸው ሲነሡ ቆመ።

"ነገ ኑ" አሉ። "ነገ ረቡዕ ነው፣ እኔ ራሴ አስገባችኋለሁ። ባንዲራውን ግን መርከቧ ላይ ተዉት። ይህ በር ሰው ያሳልፋል፤ እሱን አያሳልፍም።"

መቶ አለቃው ምን እንዳሉ ጠየቀ። ዊለም ባሕሩ ዛሬ መጥፎ ነው ይላሉ ብሎ መለሰ። መቶ አለቃው ውሃውን ትኩር ብሎ አየና ከትናንቱ በምን ይለያል አለ፤ ከዚያ ይግቡ ብሎ አዘዘ። የቀዛፊዎቹ መሪ ራሱን ነቀነቀ። መቶ አለቃው ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ወደ ማንም አላነጣጠረም፤ ይህንን ደግሞ ማስተርጎም አላስፈለገም።

ገቡ። የመጀመሪያው ማዕበል ከሥራቸው አልፎ ሄደ። ሁለተኛው አንሥቶ ወደ ክፍተቱ አፍ ወረወራቸው፤ ቀዛፊዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ጮኹ። ሦስተኛው ግን ከፊት መጣ። ከአሸዋው ተመላሽ የሆነው ውሃ ነበር፤ ታንኳዋን በአፍንጫዋ ይዞ ወደ ጎን አዞራት። ዊለም ከግራው ጥቁሩን ዓለት፣ ዓለቱ ላይ የተጣበቁትን ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ እንጨት ሲሰበር ሰማና ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆነ።

ከውሃው በታች ድምፅ አልነበረም። ኮቱ ከበደው፤ ዘንጉ ከእጁ ወጥቶ ሄደ። ወደ ላይ የመሰለውን አቅጣጫ ይዞ ሲንፈራገጥ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። እንግዲህ ማክሰኞ ቀን ሞትኩ ብሎ አሰበ፤ ያሳፈረው ደግሞ ይኸው ነበር። በዚያ ቅጽበት አንድ እጅ የኮቱን አንገትጌ ያዘና ወደ ሌላ አቅጣጫ ጎተተው።

አሸዋው ላይ ውሃ እያስታወከ ቀና ሲል የሆነውን አየ። ከዓለቶቹ ላይ ሰባት ሰዎች ዘለው ገብተው ነበር። የኤልሚና ቀዛፊዎች ሁሉም ወጥተዋል፤ አንዱ ብቻ ክንዱ ተሰብሯል። ኤጊር አንሳ መቶ አለቃውን በጸጉሩ ይዘው፣ ቦት ጫማውና ሰይፉ እየጎተቱት፣ የመጨረሻዎቹ ሆነው ከአረፋው ወጡ። ሽማግሌው ካስቀመጡት በኋላ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ደግፈው ተነፈሱ። በዙሪያቸው የቆሙት ሰዎች ወደ ባሕሩ አዩ። ማክሰኞ ቀን ባሕር ተገብቷል፤ ለማስተሰረያው የሚታረደው በግ ይሁን ወይስ የባሰ ነገር የባሕሩ ካህን እስኪናገር ማንም አያውቅም።

መቶ አለቃው ነፍስ ሲዘራ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ቆርቆሮው ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ጉሮሮው ውስጥ ሰምጧል። ጠላቂ ይግባና ያውጣልኝ አለ። ዊለም ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ለማለዘብም አቅም አጥቶ፣ እንዳለ አስተረጎመላቸው።

ኤጊር አንሳ ከኩታቸው ውሃውን እየጨመቁ መለሱ፦ "ለሰው ገብተናል። ለጨርቅ አንገባም።"

እንግዳ ግን እንግዳ ነው። ደረቅ ልብስ አመጡላቸው። ለመቶ አለቃው የደረሰው ሰማያዊ የሴት ሽርጥ ነበር፤ እሱም እንደ ሹመት ልብስ አስተካክሎ ታጠቀው፣ ለዚህም አንዳንዶቹ በልባቸው አመሰገኑት። በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ዳቦ፣ የተፈጨ ቃሪያና የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። ቃሪያው መቶ አለቃውን ሲያስለቅሰው ሴቶቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጎን ዞሩ። የተሰበረውን ክንድ አንድ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረው።

ከበሉና ውሃ ከጠጡ በኋላ ናና ንያርኮዋ መጡ። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ የመንደሩን በርጩማ የያዙት፣ ማለትም አቦዳንን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ዓይናቸው በዓሣ ማጠኛው ጭስ ብዛት የቀላ ሴት ነበሩ። በአንድ ወገን ቃል አቀባያቸው፣ በሌላው የጦር ማኅበሩ የአሳፎ አለቃ ቆመ። እንደ ወጉ እንግዳው የመጣበትን ጉዳይ ተጠየቀ። መቶ አለቃው በሴት ሽርጥ እንደታጠቀ ተነሥቶ ቆመና ለሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ስለ ውሉ፣ ስለ ንጉሡ ጥበቃ፣ ስለ ሰላም አወራ፤ በመጨረሻም ባንዲራው ቢሰምጥም መርከቧ ላይ ሌላ ስላለ ነገ ጠዋት እንደሚልክ፣ እስከ ቀትር ተሰቅሎ ካልታየ መድፎቹ እንደሚተኩሱ ነገራቸው። ዊለም እንደ ልማዱ ጥበቃውን ረዘም፣ መድፉን አጠር አድርጎ አቀረበው።

ናና ንያርኮዋ ቃል አቀባያቸው እስኪደግምላቸው አልጠበቁም። በቀጥታ ወደ ዊለም ዞሩ።

"እንግሊዞቹ ባንዲራቸውን አወረዱ፣ ይዘው ሄዱ። የራሳቸው ነበር፣ ወሰዱት፤ ማንም አልከለከላቸውም። እኛ ግን ጠቅልለው ለሰው የሚሰጡን የእነሱ ዕቃ አልነበርንም። ከእኛ ጋር ነገዱ፣ ከእኛ ጋር በሉ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፤ ከዚያ ሄዱ። በሄዱበት ቀን እኛ እዚሁ ነበርን። ማንም አልጠየቀንም። አሁንም እየጠየቃችሁን አይደለም፤ እየነገራችሁን ነው። ስለዚህ እኛም እንነግራችኋለን። አይሰቀልም።"

ዊለም ተቸገረ። ለመቶ አለቃው እንግሊዞቹ ሳይነግሯቸው በመሄዳቸው ቅር ብሏቸዋል ብሎ ጀመረ፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን የሚያለዝብበት መንገድ አላገኘም። መቶ አለቃው ሽርጡን አጥብቆ ታጠቀ። ከዚያ ነፍሱን ያተረፉለት ሰዎች ስለሆኑ እውነቱን እንደሚነግራቸው ተናገረ። ትእዛዙ የእሱ አይደለም፣ ሊያስቀረውም አይችልም፤ እንደ ሰው ግን ነገ የሚሆነው ያሳዝነዋል።

ይህንን ዊለም ምንም ሳይቀንስ ነገራቸው።

"የት ቆሞ ነው የሚያዝነው?" አሉ ናና ንያርኮዋ። "መርከቧ ላይ ከሆነ ለእኛ አይደርሰንም።"

ተነሡ፤ ጉባኤውም በዚሁ አበቃ። ዊለም ተከትሏቸው ሄደ። ማስተርጎሙን ትቶ፣ በራሱ ቃል፣ እንደ ልጅ ለመናቸው። ሌሎቹ መንደሮች ያደረጉትን ያድርጉ፤ መርከቧ እስክትሄድ ይስቀሉት፣ ስትሄድ ያውርዱት። በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ተመልሶ የሚያይ የለም። ጨርቅ ነው፣ ናና፣ ጨርቅ ብቻ ነው አላቸው።

ቆም ብለው አዩት። አልተቆጡም።

"ጨርቅ ብቻ ከሆነ ልጄ፣ ለምን በመድፍ ያመጡታል?"

ዊለም ክንዱ የተሰበረውን ቀዛፊ ልጠይቅ ብሎ ወደ ጎጆዎቹ ኋላ ዞረ። እዚያ ያየው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከዓሣ ማጠኛዎቹ በስተጀርባ የደረቀ ጅረት ወደ ኮረብታው ሰንጥቆ ይወጣል። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይሠራል። ሴቶች መረብ፣ ድስት፣ የጣሪያ እንጨት ሳይቀር ተሸክመው ይወጣሉ። ወንዶቹ ታንኳዎቹን በግንዲላ ላይ እያንከባለሉ ይስባሉ። ሰው ሁሉ ዓለቶቹ ላይ ተቀምጦ ሲስቅባቸው የነበረ መስሎት ነበር፤ ለካ ግማሹ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር። የስንጥቁ ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ሲታይ በግራ በኩል፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ትልልቅ ዛፎች የሸፈኑት ጎድጓዳ ሜዳ አለ። ሃያ ያህል ታንኳዎች እዚያ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ጎጆ በሳምንት ይሠራል። ታንኳ ግን የሚወጣው ዙሪያውን አምስት ሰው ተያይዞ ቢያቅፈው ከማይዳረስ ዛፍ ነው፤ ከጫካ እስከ ባሕር መጎተቱ ብቻ አንድ በጋ ይፈጃል። ታንኳዎቹ ከተመቱ አቦዳን የለችም።

ሲዞር ኤጊር አንሳ ከኋላው ቆመዋል። በግንባራቸው ላይ ከዓለቱ ያገኙት አዲስ ቁስል ይደማል።

"አየህ" አሉት።

"አየሁ፣ ኤግያ" አለ፤ በአገራቸው ቋንቋ አባቴ እንደማለት ነው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። አላስፈራሩትም፣ አላስማሉትም። "እንግዲህ አይተሃል" አሉና ወደ አሸዋው መለሱት።

ወደ መርከቧ የወሰዷቸውም እሳቸው ናቸው። ባሕሩን ዛሬ አንዴ ደፍሬዋለሁ፣ በግ ከሆነ የሚታረደው ለሁለቱም አንድ በግ ይበቃል አሉ። የኤልሚና ቀዛፊዎች መርከቧን ደግመን አናይም ብለው በየብስ፣ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተነሥተው ነበር። ኤጊር አንሳ ከስድስት ሰዎች ጋር አንዲት ትንሽ ታንኳ አወጡና ክፍተቱ አፍ ላይ አቁመው ውሃውን አዩት። ሦስት ማዕበል አሳለፉ፤ አራተኛውንም አሳለፉ። ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ታንኳዋም ምንም ሳትርስ ወጣች። መቶ አለቃው ለእንዲህ ያለ ሰው ምሽጉ ውስጥ ሥራ አለ፣ ማዕረግም አለ ብሎ አስነገራቸው። ሽማግሌው ሥራ አለኝ አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ሁለተኛው ባንዲራ በመርከቧ ጀልባ እስከ ዓለቶቹ ተላከ። የተቀበለ ሰው አልነበረም። ረፋዱ ላይ የመርከቧ ካፒቴን በመነጽር መንደሩን ሲያይ የቆሙት የጭቃ ግድግዳዎች ብቻ ነበሩ። ጣሪያቸው ተነሥቷል፤ አሸዋው ላይ አንዲት ታንኳ የለችም። ከባሕሩ በላይ ባለው ከፍተኛ ዓለት ላይ ግን የአሳፎው ሰዎች ከበሮአቸውን አቁመው፣ አዞ የተሰፋበትን የማኅበራቸውን ቀይ ባንዲራ እያውለበለቡ በግልጽ ይታያሉ። እዚያ ያለውን ዓለት መድፍ አይሰነጥቀውም።

ካፒቴኑ ነገሩ ገብቶታል። ባዶ ግድግዳ ማፍረስ ዋጋ የለውም። ታንኳ የሌለው ዓሣ አጥማጅ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ባንዲራውን ራሱ ለምኖ ይሰቅላል። ዊለምን አስጠራና ግማሽ ቀን ሙሉ እዚያ ስለነበርክ ታንኳዎቹ የት እንደገቡ ንገረኝ አለው። ጠረጴዛው ላይ የጠረፉ ካርታ ተዘርግቷል፤ እርሳሱ ተቀርጾ ተቀምጧል። መቶ አለቃ ኦስተርካምፕ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ነበር።

ዊለም አላየሁም ማለት ይችል ነበር። ካፒቴኑም ያምነው ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንዲህ ያሉ ቃሎችን በሺህ የሚቆጠሩ ተናግሯል፣ አንዱም አልከበደውም። ትናንት ግን ከውሃ ከወጣ ጀምሮ አንድ ነገር አልመለስ ብሎት ነበር፤ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

"አይቻለሁ" አለ።

"የት ናቸው?"

"አልናገርም።"

ካፒቴኑ ቋንቋው የጠፋበት መስሎት ጥያቄውን በዝግታ፣ ቃላቱን እየለያየ ደገመለት።

"ጥያቄው ገብቶኛል፣ ጌታዬ" አለ ዊለም። "በሁለቱም ቋንቋ ገብቶኛል። በሁለቱም አልናገርም።"

ኦስተርካምፕ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ዊለምን ኮቱን አውልቀው በእግር ብረት አሰሩትና ከመድፎቹ በታች ባለው ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ካፒቴኑ እስከ ነገ እንዲያስብበት ጊዜ ሰጠው፤ ካልተናገረ በምሽጉ እንደሚፈረድበት ነገረው።

ቀትር ላይ ተጀመረ። እያንዳንዱ ተኩስ የመርከቧን እንጨት ሁሉ አንቀጠቀጠ፤ ከጣሪያው አቧራና የደረቀ ቅጥራን ራሱ ላይ ረገፈ። መጀመሪያ ወደ ግድግዳዎቹ ተኮሱ። ከዚያ ትእዛዙ ተለወጠ፤ የመድፎቹ አፍ ከፍ ተደርጎ ጥይቱ ከኮረብታው በላይ እያለፈ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ በግምት ይጣል ጀመር። ዊለም እያንዳንዱን በጆሮው ተከተለ። ጎድጓዳውን ሜዳ፣ ዛፎቹን፣ ጎን ለጎን የተኙትን ታንኳዎች እያሰበ፣ በጣም ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ አሁን ቀረበ ይላል። አንዲት ቃል ብትወጣው ሁሉም በአንድ ሰዓት ያልቃል። ተኩሱ በቆመ ቁጥር የአሳፎው ከበሮ ይሰማል። ቀጥሎ መድፉ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ደግሞ ከበሮው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቆመው መድፉ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ሁለት መርከበኞች አየር እንዲያገኝ ብለው ወደ ላይ አወጡት። ባሕሩ ረጋ ብሏል። ከአቦዳን ግድግዳዎች አንዱም በቁመቱ አልቀረም፤ ከኮረብታው በስተቀኝ ጫካው አሁንም ይጨሳል። ዊለም በግራ በኩል ያለውን ለማየት ፈራ። ሲያይ ግን በግራ በኩል ጭስ አልነበረም።

ከዚያ ከጉሮሮው አንዲት ታንኳ ወጣች። ተከትላት ሌላ መጣች፤ ሌላም። ቀዛፊዎቹ እየዘፈኑ ነበር። የፊተኛዋ ኋላ ላይ የቆሙት ቀጭኑ ሽማግሌ ኤጊር አንሳ ናቸው፤ ግንባራቸው በጨርቅ ታስሯል። ሁለቱ ታንኳዎች አፍንጫቸው ላይ ቀይ የሐዘን ጨርቅ ቋጥረዋል፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እነሱም ከሌሎቹ ጋር እኩል ይቀዝፋሉ። ሃያዎቹም በአንድ መስመር ወደ ክፍቱ ባሕር፣ ቀጥታ ወደ መርከቧ መጡ።

መድፈኞቹ ወደ ቦታቸው ሮጡ። ካፒቴኑ ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣ፤ መነጽር አላስፈለገውም። ታንኳዎቹ ውስጥ የነበረው መረብ፣ ቅርጫትና የመጠጥ ውሃ ቅል ነበር። የመድፈኞቹ አለቃ ትእዛዝ ሲጠብቅ ዓይኑን ከካፒቴኑ ላይ አልነቀለም። ኦስተርካምፕ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር በዝቅታ ነገረው። ካፒቴኑም ተኩሱ ብሎ እጁን አላነሣም።

የፊተኛዋ ታንኳ ከመርከቧ ጎን፣ ከመድፎቹ አፍ ሥር ደርሳ ቆመች። ኤጊር አንሳ ቀና ብለው የመርከቧን ጠርዝ በዓይናቸው ፈለጉ። ዊለምን፣ ቀጥሎ እግሩ ላይ ያለውን ብረት አዩ። ፊታቸው ለትንሽ ጊዜ ተለወጠ።

"አስተርጓሚ" ብለው ተጣሩ። የነጭ አፍ አላሉትም።

"አቤት፣ ኤግያ።"

"ለባለ መርከቡ ንገርልኝ። መረባችንን የምንጥልበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ዓሣው ከሥሩ ነው ያለው። ፈቀቅ ይበልልን።"

ከታንኳዎቹ ሳቅ ተነሣ፤ ቀይ ጨርቅ ካሰሩት ሁለቱም ጭምር። ካፒቴኑ ወደ ዊለም ዞሮ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀ።

ዊለም ብረቱን እየጎተተ ሁለት እርምጃ ቀረበው። ቀና ብሎ ቆመ፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ፣ እንዳሉት አድርጎ ነገረው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ መልሕቁ ተነሣ።